የእናቴን አቤቱታ ውድቅ ያድርጉልኝ

ለደንገል ዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ትምህርት ማጽደቂያ ዳይሬክቶሬት
ለክቡር ዳይሬክተር
ባሕር ዳር

እሑድ፣ ሰኔ 29 ቀን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ሳይደክም ለሚያገለግለን የኦንላይን ሥርዓትዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሥርዓቱ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለፈው ሐሙስ እንኳ ለእናቴ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ልኮላታል። እርስዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስላላገኘሁዎት ግን በእርግጠኝነት ለመናገር ይቸግረኛል።

ፈሀድ አሕመድ እባላለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር የምኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን በእናንተ መዝገብ የምታወቅበት መለያ ቁጥር የለኝም። ሥርዓትዎ «ተጠቃሚ 0417» እያለ የሚጠራት የመምህርት ሱምያ አሕመድ ወንድም ነኝ። «የዓሣ አያያዝና ገበያ» የተባለውን የዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጀችው እሷ ናት። ሰኔ 10 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሞታለች። ይህን የምጽፈው ለመርዶ አይደለም፤ የመርዶው ሥራ በእናንተ በኩል መጠናቀቁን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ቁጥር የሌለው ነገር በሥርዓትዎ ዘንድ እንደማያልፍ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ወረቀትን ከሕይወታችን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ይህን ስል አላሾፍም፤ ማሾፉን ቀጥዬ እጀምራለሁ። የእህቴ ሥርዓተ ትምህርት በወረቀት ዘመን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ተንከራቷል። አንዱ ቅጂ ሥልጠና የሄዱ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ከረመ። ሌላው በአንድ ቢሮ የሻይ ትሪ ማስቀመጫ ሆኖ ተገኘ፤ እህቴ የብርጭቆ ቂጥ ያረፈበትን ገጽ ቤት ይዛ መጣችና «ተመልከት፣ ክብ ማኅተም መትተውልኛል» ብላ ሳቀች። ስለዚህ ሥርዓትዎ ሲመጣ እንደ ልጅ ነበር የተደሰተችው። እኔ ባሾፍሁ ቁጥር «አንተ፣ አፍህን ያዝ! ቢያንስ አሁን የት እንደደረሰ አየዋለሁ» ትለኝ ነበር። ከሁሉ የወደደችው አንቀጽ 14ን ነው፦ ማናቸውም ጉዳይ በሠላሳ ቀን ውስጥ ምላሽ ካልተሰጠው እንደጸደቀ ይቆጠራል። «ከእንግዲህ ዝም ብሎ መቅበር የለም» አለች። ክቡርነትዎ ይህን አንቀጽ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ ለደኅንነት ሲባል ከእያንዳንዱ አዘጋጅ ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ስለምትቀበሉ አመሰግናለሁ። እህቴ የእናታችንን ቁጥር አስመዘገበች። እናታችን መዲና ጎርጎራ ወደብ ላይ ዓሣ ትነግዳለች፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሁለታችንንም ያስተማረችን በዚሁ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማረች የምትልኩትን መልእክት ፊደል በፊደል በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ስትጨርስም ለእህቴ ትደውላለች፦ «ሱምዬ! ደረጃ ሦስት ገባሽልኝ!» ደረጃ ሦስት ምን እንደሆነ አታውቅም። ከሁለት እንደሚበልጥ ግን ታውቃለች፤ ነጋዴ ናት።

እናቴ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥም ነበረች። ስንጥቡን ገልጦ ትኩሱን ዓሣ ከዋለው እንዴት እንደሚለዩት፣ በሙቀት ቀን ከጀልባ እስከ ገበያ ምን አልብሰው እንደሚያደርሱት፣ ይህን ሁሉ እህቴ የጻፈችው ከእናቴ አፍ እየሰማች ነው። ምንጩንም በሐቅ አስገባች፦ መዲና ሰይድ፣ ጎርጎራ። ሥርዓትዎ የኅትመት ዓመት ካልተሞላ አላሳልፍም ስላለ የእናቴን የትውልድ ዓመት ሞላችበት። አለፈ። እናቴ እስከ ዛሬ በእናንተ ዘንድ በ1964 ታትማ ትገኛለች።

ሦስተኛ፤ ወረቀት አልባው ሥርዓትዎ የፊርማውን ገጽ ብቻ አትመን፣ አስፈርመን፣ ማኅተም አስመትተንና ስካን አድርገን እንድንልክ ስለሚጠይቅ አመሰግናለሁ፤ ያለዚያ የፔዳ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤቶች በምን ይኖሩ ነበር? የመጀመሪያው ተመለሰ፤ ማኅተሙ አይነበብም። ሁለተኛው ተመለሰ፤ ማኅተሙ ፊርማውን ነክቷል። ሦስተኛውን ይዛ ከቤት የወጣችው ሰኔ 10 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የመዝጊያው ሰዓት በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ነበር። ይዘንብ ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ሆስፒታል አደረሷት፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

ጥፋቱን በእርስዎ ላይ አላደርግም፤ ዝናቡን ዳይሬክቶሬትዎ አላዘነበውም። የቀደሙትን ሁለት ገጾች ፔዳ ሄጄ ስካን ያስደረግሁት እኔ ነበርሁ፤ ሦስተኛውም የእኔ ሥራ ነበር። ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ነበር። ይህ ጉዳይ እርስዎን ስለማይመለከት ቁጥር አልሰጠሁትም።

አራተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ነዎትና መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኔ ልጁ አላስተምርዎትም። አባታችን ወረታ ለንግድ ሄዶ በድንገት ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። የወደቡ መስጊድ ሽማግሌ ሐጂ አብዱልከሪም ከአራት ሰዎች ጋር ጎህ ሲቀድ ቤታችን መጡ። ለጎረቤት ቀድሞ ተነግሮ ሴቶቹ በጓሮ በኩል ቆመው ነበር። ሐጂ አንድም ቃል አልተናገሩም። እናቴ በሩን ከፈተች፣ ፊታቸውን አየች፣ አወቀች። ስትወድቅ መሬት አልነካችም፤ ከየት እንደመጣ ያላየሁት እጅ ሁሉ ተቀበላት።

ለእህቴም እንደዚያው ሊደረግ ታስቦ ነበር። ጀናዛ አይቆይምና አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ባሕር ዳር ቀበርናት። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሙሀመድየሱፍ፣ የመቃብሩን አፈር ከእጁ ሳያራግፍ መኪና ተሳፈረ፤ ጎርጎራ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሐጂ አብዱልከሪም ጋር ሊገባ። እስከዚያው ወደቡ በሙሉ ሰምቶ ዝም አለ። ዕድሜ ልኩን ምስጢር ይዞ የማያውቀው ዓሣ አስጋሪው አዘዘ እንኳ፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ እንዳትነቃበት እንደ ወትሮው በዓሣ ዋጋ ተጨቃጨቃት። «ዛሬ ምን ሆነሃል? ጭራሽ ትቀንስልኝ ጀመር እኮ» ብላ እንደሳቀችበት በኋላ እያለቀሰ ነግሮኛል።

በዚሁ ሰዓት የእህቴ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀብሩ ላይ ከልባቸው ያለቀሱ ሰው፣ የመዝጊያው ሰዓት ሳያልፍ ሰነዱን ከእሷ ስም ወደ ራሳቸው ስም ለማዛወር ሥርዓቱን በስልካቸው ከፈቱ። ሥርዓቱ ምክንያት ጠየቃቸው። ዝርዝሩ አራት ነው፦ ዝውውር፣ የትምህርት ዕረፍት፣ ሥራ መልቀቅ፣ ሞት። ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ አራተኛውን ነኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አጎቴ ገና ወረታን ሳያልፍ፣ እናቴ ቅርጫቷን አስቀምጣ የሚከተለውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ውድ የሱምያ አሕመድ ሁለተኛ ተጠሪ፤ የተጠቃሚዋ አካውንት በሞት ምክንያት ተዘግቷል። ስለ አብሮነትዎ እናመሰግናለን። ይህ ስህተት ከሆነ 1 ብለው ይላኩ።»

ስለ ፍጥነቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በወረቀት ዘመን ቢሆን ይህ መርዶ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጅ ነበር።

አምስተኛ፤ እናቴ 1 ላከች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሐጂ አብዱልከሪምና አጎቴ ሲደርሱ ተነስታ፣ ለብሳ፣ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻቸው። ፊታቸውን አላየችም፤ ስልኩን አሳየቻቸው። «ይኸው፣ ትናንት ተሳስተው ጽፈው ነበር። አመለከትሁ፤ ተቀብለውኛል፤ እየታየ ነው» አለች። በእርግጥም ከሥሩ የእናንተ መልስ ነበር፦ አቤቱታዎ ተመዝግቧል፤ ሁኔታ፦ በመታየት ላይ። አጎቴ «መዲና፣ በዚህ እጄ ነው የቀበርኋት» ቢላት፣ «እናንተንም ያው መልእክት ነው ያሳሳታችሁ። እውነት ቢሆን ሰው ይቀድም ነበር እንጂ ስልክ ይቀድም ነበር? ደግሞ ካለቀ ለምን እየታየ ነው ይሉኛል? ቢሮ ካንተ በላይ አያውቅም?» ብላ መለሰችለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሐዘን አልተቀመጠችም። አላለቀሰችም። ሊያስተዛዝን የሚመጣውን ሰው አሳርፋ ስለ ዓሣ ዋጋ ታዋራዋለች። ለእህቴም አንድ ጊዜ እንኳ አልደወለችም፤ ጉዳይ በቢሮ እየታየ ሳለ ከባለጉዳዩ ጋር መነጋገር ነገር ያበላሻል ትላለች። ስልኩን በመቀነቷ ጠቅልላ ይዛ ትውላለች፤ በየሐሙሱ «በመታየት ላይ» ስትሉላት «አያችሁ?» ትለናለች።

ስድስተኛ፤ ሰኔ 17 ቀን ስለላካችሁት የደስታ መልእክት አመሰግናለሁ። «ውድ ሱምያ አሕመድ፤ ያዘጋጁት ሥርዓተ ትምህርት በሴኔት ጸድቋል። እንኳን ደስ አለዎት!» የሚል ነበር። እህቴ በሰባተኛ ቀኗ ላይ ይህን ማንበብ ስላልቻለች ሁለተኛው ቁጥር አነበበላት። እናቴ ዓሣ አስጠብሳ ለወደቡ ሰው አበላች። ሰውም በላ፤ ምን ያድርግ? ዓይኑን በጭሱ እያመካኘ በላ። «ለሞተ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይባላል?» ብላ ሐጂ አብዱልከሪምን በሰው ፊት ጠየቀቻቸው። አይባልም አሉ። «እንግዲህ!» አለች።

በጸደቀው ሰነድ ላይ የእህቴ ስም እንደሌለ ሊድያ የተባለች የሥራ ባልደረባዋ አሳይታኛለች። የእናቴ ግን አለ፤ ዓመተ ኅትመቱ ሳይጓደል። ስለ ስሙ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም።

ሰባተኛ፤ ቢሮዎ ስላደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ደብዳቤ ይዤ ነበር፤ በር ላይ «ወረቀት መቀበል አቁመናል» ተብዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ትሁት ሠራተኛ በኦንላይን እንዳመለክት መከሩኝ፤ ሊድያ ከቀበሌ ያገኘነውን የሞት ማስረጃ ስካን አድርጋ ጫነችልኝ። መልሱ በደቂቃ ደረሰ፦ ማስረጃው ተቀባይነት የሚያገኘው የአካውንቱ ባለቤት በራሷ ስታቀርበው ነው። እህቴ በሥራዋ ላይ ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም፤ ለዚህኛው ግን መድረስ አልቻለችም። ሦስተኛ ስመጣ፣ አቤቱታውን ማንሳት የሚችለው 1 የተላከበት ስልክ ብቻ እንደሆነና ከዚያው ስልክ 2 ብሎ መላክ እንደሚበቃ ተነገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎርጎራ ሄጄ ነበር። እናቴ ስልኳን ቻርጅ እንዳደርግላት ሰጠችኝ፤ ለሰው አሳልፋ ስትሰጠው ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ነው አሉ። 2ን ጻፍሁ። መላኪያው ላይ ጣቴን አሳረፍሁ። እናቴ ከበር ውጭ ከአዘዘ ጋር በቅርጫት ዋጋ ስትከራከር ይሰማኝ ነበር። ልጇ መሞቷን ከራሷ ስልክ፣ በራሷ ስም፣ ሳታውቀው እንድታረጋግጥ ማድረግ አልቻልሁም። አጠፋሁትና ስልኩን መለስሁላት። «መልስ አለ?» አለችኝ። የለም አልኋት።

ክቡር ሆይ፤ እናቴ 1 ከላከች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሐምሌ 10 ቀን ሠላሳ ይሞላል። እስከዚያ ማንም ምንም ካላደረገ፣ ልማዳችሁም ይኸው ስለሆነ፣ አንቀጽ 14 ራሱ ይሠራና እናቴ በጣቷ እየተከተለች የሚከተለውን ታነባለች፤ ቃሉን ሊድያ ከመመሪያው አውጥታ ሰጥታኛለች፦ «አቤቱታዎ ጸድቋል። አካውንቱ ተመልሶ ተከፍቷል። ለተፈጠረው ስህተት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ያን ጊዜ ጉዳዩ አልቋልና እናቴ ለእህቴ ትደውላለች። የእህቴ ስልክ ያለው እኔ ጋ ነው።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ማንም ባለጉዳይ ጠይቆት የማያውቀውን በትሕትና እጠይቃለሁ፦ አቤቱታችንን ውድቅ ያድርጉልን። ከሐምሌ 10 በፊት ያድርጉት። በመልእክት ግን አይሁን፤ ይህንንም ተሳስተው ነው ብላ ሌላ 1 ትልካለች፣ ሠላሳው ቀንም እንደገና ይቆጠራል። እናቴ ሽማግሌውን መልሳለች፤ ወንድሟን መልሳለች፤ እኔን «አንተ ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ» ብላ መልሳለች። የምትጠብቀው ቢሮን ነው። ቢሮ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርዎትም። በዋዜማው ጎርጎራ ይገባሉ፤ ማደሪያውን እኛ እናሰናዳለን። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም አብረው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ አልተቀየምናቸውም። ጎህ ሲቀድ ሐጂ አብዱልከሪም ከፊት ይሆናሉ፣ እርስዎ በቀኛቸው። ኮምፒውተር አይያዙ። ስልክዎን ያጥፉ። በሩን ስትከፍት «እንደምን አደሩ» አይበሉ፤ ዝም ይበሉ። ማን እንደሆኑ ከጠየቀችዎት ከቢሮ መምጣትዎን ይንገሯት። ጉዳይዋ ምን ላይ እንደደረሰ ከጠየቀችዎት «ታይቷል» ይበሏት። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ የወደቡ ሰዎች ከኋላዎ እንቆማለን፤ እኔም በዚያ ቀን ሌላ ፈተና የለብኝም።

የዩኒቨርሲቲያችሁ ሥራ እንዲፋጠን፣ ማኅተማችሁ እንዲነበብ፣ ሥርዓታችሁም ከሞት በቀር በማናቸውም ምክንያት እንዳይዘጋ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝና ለሚሰጡኝ ጊዜ እጅ እነሣለሁ።

የተጠቃሚ 0417 ወንድም፣
በ1964 የታተመችው የመዲና ልጅ፣
መለያ ቁጥር የሌለው አክባሪዎ
ፈሀድ አሕመድ
ግሽ አባይ

ግልባጭ፦ ለሐጂ አብዱልከሪም፣ ጎርጎራ ወደብ፤ በእጅ የሚደርሳቸው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በሥርዓትዎ በኩል ለመላክ ሞክሬ ነበር። ማንነቴን እንድመርጥ ጠየቀኝ፦ አዘጋጅ፣ ገምጋሚ፣ አጽዳቂ። ወንድም የሚል ስለሌለ በጋዜጣ ለመላክ ተገደድሁ፤ ጋዜጣው በወረቀት ስለሚታተም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሲመጡም ማኅተም ይዘው አይምጡ፤ ወቅቱ ዝናብ ነው፣ ደብዝዞ ይመለስብናል። አያስፈልግምም። እናቴ መልእክት የምታነበው ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ነው፤ የሰው ፊት ግን አንዴ አይታ ትጨርሳለች።